የወይዘሮ ጽጌን ጸጉር ማን ተኮሰው?

ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንዲት ሴት ከበር ገብታ፣ ገና ወንበር ላይ ሳትደላደል፣ «በደንብ ተኩሱኝ፤ ነገ ሰርግ አለብኝ» አለች።

እኔ መጥረጊያ ይዤ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ከወለንጪቲ ናዝሬት ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም። ልብስ በካውያ እንደሚተኮስ አውቃለሁ። ሰው ይተኮሳል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ የተኩስ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የሚሰማበት። ሴትዮዋ «ተኩሱብኝ» ያለች መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሸዋዬ ግን «ቁጭ በይ እናቴ» ብለው ከከሰሉ ላይ አንድ የጋለ የብረት ማበጠሪያ አነሡ። ያኔ ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ።

ስሜ ሎሚ ነው። ጸጉር ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት መስታወት፣ መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ አንድ ካስክ፣ የጸጉር ማድረቂያ። እትዬ ሸዋዬ ሙያውን ድሬዳዋ ከአንዲት የግሪክ ሴት ነው የተማሩት። በቤቱ ደንብ መሠረት መጀመሪያ ጠራጊ ይኮናል፣ ቀጥሎ አጣቢ፣ ከዚያ ጸጉር በቢጎዲን ጠቅላይ፣ መጨረሻ ላይ ተኳሽ። ተኳሿ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አጣቢ ሆኜ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ሲተኩሱ ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ። ያየሁትን በልቤ ስይዝ በማግሥቱ ይገለብጡታል። ለአንዷ ቅባት ጨምሪ ይሉኛል፤ ለሌላዋ «ማን ቅባት አምጪ አለሽ? ልትጠብሻት ነው?» ብለው ይቆጡኛል። ለአንዷ ማበጠሪያው እሳት ላይ ይቆያል፤ ለሌላዋ ገና ሞቅ ሳይል ያነሡታል። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ የትኛውን ልያዝ? ትናንት ያሉኝና ዛሬ ያሉኝ አይገናኝም።»

«የትናንቷ ሌላ ሴት፣ የዛሬዋ ሌላ ሴት። ምኑ ነው የሚገናኘው?» አሉኝ።

ይህ መልስ ይበልጥ ግራ አጋባኝ። እኔ የምፈልገው አንድ ሕግ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን የማይለወጡ ጥቂት ነገሮች እንዳሉ አስተዋልኩ። ጸጉሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ ብረት አይነካውም፤ ውስጡ የቀረ ውኃ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይፈላና ጸጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ማበጠሪያው ከከሰል ሲነሣ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ ላይ ይጫናል። ጨርቁ ቡናማ ከሆነ ይጠበቃል፤ ነጭ ከቀረ ይሠራል። ጸጉሩ በቀጭን በቀጭኑ ይከፈላል። ሥራው ከማጅራት ይጀምራል፤ ማበጠሪያው ከራስ ቆዳ አንድ ጣት ያህል ይርቃል። ጸጉሩን የሚያቀናው ጥርሱ አይደለም፣ የማበጠሪያው ጀርባ ነው። የጸጉሩ ጫፍ አሮጌ ስለሆነ ለእሱ የሚደርሰው የቀዘቀዘው ብረት ነው። አንዴ ያለፉበትን ዘለላ በዚያው ቀን አይደግሙትም፤ ባይቃና እንኳ ይተዉታል።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እትዬ ሸዋዬ ማበጠሪያውን በእጄ ሰጡኝ። «በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተኳሽ ነሽ» አሉኝ። ስያሜው ያስኮራኝ ነበር፤ መንገድ ላይ እስኪጠይቁኝ ድረስ።

የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለሚኖሩበት ሰፈር፣ ወንጂ፣ ሙሽራ ልሠራ ስሄድ ነው። አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆመ። አንድ መሣሪያ የያዘ ጥበቃ ቦርሳዬን ከፈተ። ሁለት የጠቆሩ ብረቶች፣ እጀታቸው በጨርቅ የተጠቀለለ።

«ሥራሽ ምንድነው?» አለኝ።

«ተኳሽ ነኝ።»

ጥበቃው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደና ጓደኛውን ጠራ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ይባስ ብዬ «ዛሬ ሙሽራ ነው የምተኩሰው» አልኩ። ሁለተኛው ጥበቃ በዕድሜ ጠና ያለ ነበር፤ ፊቴን አይቶ በኦሮምኛ «ሆጂን ኬ ማሊ?» አለኝ፤ ሥራሽ ምንድነው ማለቱ ነው። እኔም «ሪፌንሳ ዱበርቲ» አልኩት፤ የሴቶች ጸጉር። ሰውዬው ሳቁን ዋጠና ቦርሳዬን መለሰልኝ። «እህቴ፣ በአማርኛ ስትናገሪ ጸጉር የምትለውን አስቀድሚ» አለኝ።

ምክሩን ያዝኩት። ሌላው ነገር ግን እንደዚያ በቀላሉ አልተፈታልኝም።

በዚያ ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ካድሬ ተነሥቶ ጸጉር ማስተኮስ የቡርዥዋ ልማድ ነው አለ። ሠርቶ አደር ሴት ጸጉሯን በእሳት አታቀናም አለ። አጨበጨብን። እትዬ ሸዋዬም አጨበጨቡ። በማግሥቱ ከሰል እናቀጣጥል ወይስ እንተው እያልን ተያየን። ከቀትር በኋላ የዚያው የካድሬው ሚስት ከእህቷ ጋር መጥታ ተራ ያዘች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም። ከሰሉን አቀጣጠልን።

ወይዘሮ ጽጌ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የጓድ ታደለ ሚስት ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ። በማግሥቱ የአብዮት በዓል አለ፤ ከባሏ ጋር መድረክ ላይ ልትቀመጥ ነው። ከዚህ በፊት እኛ ዘንድ መጥታ አታውቅም።

«ጸጉርዎን ምን ይቀባሉ?» ብዬ ጠየቅኋት። ያኔ አንቱ ነው የምላት።

«ለጋ ቅቤ ብቻ» አለች። ዓይኗ መስታወቱ ላይ አልነበረም።

በእርግጥም ራሷን ቅቤ ተቀብታ ነበር የመጣችው፤ ወፍራም አድርጋ። ሳጥባት ጸጉሯ በእጄ ውስጥ ከመጠን በላይ ለሰለሰብኝ። ጥቅልል ጸጉር ሲርስ ጠንከር ብሎ እጅን ይይዛል፤ የሷ ግን እንደ ራሰ ወረቀት ልፍስፍስ አለ። እትዬ ሸዋዬን ጠርቼ አስነካኋቸው። ዳበስ አድርገው «ጥሩ ጸጉር ነው፣ ቅቤ ጠግቧል» አሉና ወደ ሌላዋ ደንበኛ ሄዱ። እኔም ካስክ ሥር አስቀምጬ በደንብ አደረቅሁት።

ማበጠሪያውን አነሣሁ። ነጩ ጨርቅ ላይ ጫንኩት፤ ነጭ ቀረ። ከማጅራቷ ቀጭን ዘለላ ከፍዬ፣ ከቆዳዋ አንድ ጣት አርቄ፣ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳብኩ። ጭስ የለም። የተቃጠለ ጸጉር ሽታም የለም፤ አንድ የማላውቀው፣ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ ብቻ። ማበጠሪያው ጫፉ ላይ ሲደርስ ዘለላው ተከትሎት መጣ። ከሥሩ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ።

ቆሜ ጨርቁን አየሁት። ነጭ ነው። ማበጠሪያውን አየሁት። ጸጉሩን አየሁት። ሦስቱም አይስማሙም።

እትዬ ሸዋዬ መቆሜን አይተው መጡ። ማበጠሪያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጨርቁ ላይ ጫኑት፤ ነጭ። ከሌላ ቦታ እጅግ ቀጭን ዘለላ ይዘው በቀዘቀዘው ብረት ነካ አደረጉት፤ እሱም መጣ። እኚያ ለሁሉ መልስ የነበራቸው ሴት ማበጠሪያውን አስቀመጡት።

ወይዘሮ ጽጌ ግን አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በእጇ ማጅራቷን ዳሰሰችና «ተዉት» አለች። ሻሿን አስራ ወጣች። ያን ጊዜ ግራ የገባኝ ከጸጉሩ ይልቅ የሷ ዝምታ ነው። ጸጉሯ በእጄ ላይ የቀረ ሴት ቢያንስ ትሰድበኛለች።

ወሬው ከጸጉር ቤቱ ወጥቶ ነበርና በዓሉ ባለፈ ማግሥት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እኔንና እትዬ ሸዋዬን ቀበሌ ወሰዱን። ጠረጴዛው ላይ ጓድ ታደለ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ያ ካድሬ። ካድሬው ነው የጀመረው። የሊቀመንበሩ ባለቤት በበዓሉ ዋዜማ ጉዳት የደረሰባት በአጋጣሚ አይደለም፤ ይህ አሻጥር ነው አለ። አሻጥር የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። በዚያ ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ።

ጓድ ታደለ እጁን አነሣና አስቆመው። «እኔ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ» አለ። «ካውያ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። የተኮሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የተኮስኩት» አልኩ።

«አይደለችም» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «እሷ አጣቢ ናት። ማበጠሪያ አትይዝም። እኔ ነኝ የተኮስኩት።»

ወደ እሳቸው ዞርኩ። ዞር ብለውም አላዩኝም።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«ዝም በይ። እኔ ነኝ የተኮስኩት አልኩ።»

በዚህ መሃል በሩ በኃይል ተከፈተ። ውጭ የቆመው ጥበቃ የሰማው «ማን ተኮሰ? እኔ ነኝ የተኮስኩት» የሚለውን ብቻ ነው፤ ጠመንጃውን ደግኖ ገባ። አንዴ ካድሬውን፣ አንዴ እኛን፣ አንዴ ጣሪያውን ያያል። ጓድ ታደለ «ጸጉር ነው፣ ውጣ» አለው። ልጁ «ጸጉር?» ብሎ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገና እንደገና «ጸጉር?» እያለ ወጣ።

ጓድ ታደለ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «አንድ ማበጠሪያ ለሁለት ነው የያዛችሁት?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ብረቱን እንዴት እንደምንለካ ጠየቀኝ። ስለ ነጩ ጨርቅ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ጥጥ የሚችለውን እሳት ናይለን አይችለውም» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «ጨርቁ ነጭ ከቀረ ብረቱ ደህና ነው። እንግዲህ የቀረው ምንድነው?» ካድሬው ነገሩ እስኪጣራ ይያዙ አለ፤ እሱም አልከለከለም። የቀበሌው መጋዘን ውስጥ አስገቡን።

መጋዘኑ የስኳርና የጨው ጆንያ ሞልቶታል። የናዝሬት የቀትር ሙቀት ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እትዬ ሸዋዬ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ያራግባሉ።

«ለምን እንደዚያ አሉ?» አልኳቸው።

«ምን አልኩ?»

«እኔ ተኮስኩ አሉ።»

«ሁለተኛውን ዘለላ የተኮሰው ማን ነው? እኔ አይደለሁም? ውሸት አልተናገርኩም።»

«አጣቢ ናት ያሉትስ?»

ነጠላቸውን ማራገብ አቆሙ። «ያ ሽታ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ስለሱ ነበር የማስበው። የተያዝንበትን ትተን ስለ ሽታው ማውራት ጀመርን፤ ሽንት ነው፣ አይደለም፣ የበሰበሰ እንቁላል ነው፣ አይደለም እያልን። አሁን ሳስበው ሞኝነት ይመስላል። ሌላ የምናደርገው ነገር ግን አልነበረንም።

ፀሐይ ጋደል ስትል ጠሩን። ወይዘሮ ጽጌ ሻሽ አስራ ባሏ ፊት ቆማለች። ካድሬው እንደተቀመጠ ነው።

«ጸጉሬ ድሮም ይረግፍ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። «ባለፈው ወባ ይዞኝ አልነበር? ከዚያ ወዲህ ነው። እነዚህ ሴቶች ምንም አላደረጉኝም።»

ጓድ ታደለ ሚስቱን ረዘም ላለ ጊዜ አያት። ያ አስተያየት እስካሁን ይመጣብኛል። ያመናት አይመስልም፤ የተቆጣም አይመስልም። በመጨረሻ «እውነት ነው፣ ወባ ይዞሽ ነበር» አለ። ለካድሬው ደግሞ «ወባ ጸጉር ያረግፋል» አለው። «በሉ፣ ወደ ሥራችሁ» ብሎ አሰናበተን።

ነፃ ወጣን፤ ግን ምን እንደተደረገ አላወቅንም። እኔ ማበጠሪያ መያዝ ፈራሁ። ለሁለት ሰንበት ያህል ወደ ማጠብ ተመለስኩ። እትዬ ሸዋዬም ሲተኩሱ እጃቸው ቆም ቆም ይል ጀመር፤ አንድ ዘለላ ነክተው ይጠብቃሉ፣ ጎተት አድርገው ያያሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ።

ወይዘሮ ጽጌ በጓሮ በር የመጣችው ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ነው። ሻሿን ፈታች። ራሷ ላይ እዚህም እዚያም ጸጉሩ ተመልጦ፣ ቆዳዋ ላይ የደረቁ ቁስሎች ነበሩ። በዚያን ቀን ሳጥባት ቀልተው ብቻ ነበር፤ ከውኃው ሙቀት መስሎኝ አልፌያቸው ነበር፤ ያን ሁሉ ቅቤ የተቀባችው እነሱን ለመሸፈን ነው።

«የአጎቴ ልጅ ከድሬዳዋ አመጣችልኝ» አለች። «በቆርቆሮ ጣሳ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይቆጠቁጣል። ያለ እሳት ጸጉር የሚያቀና መድኃኒት። በፈረንጅ ቋንቋ ተጽፎበታል፤ ማንበብ አልቻልኩም። ቀባሁት፤ ሲያቃጥለኝ ሊቀናልኝ ነው ብዬ ታገሥኩ። ግማሹ ቀና፣ ግማሹ እንደነበረ ቀረ። ቀሪውን እናንተ በእሳት ትጨርሱልኛላችሁ ብዬ መጣሁ።»

«ለምን አልነገርሽንም ልጄ?» አሉ እትዬ ሸዋዬ። ያን ቀን አንቱታው ቀረ።

«ዕቃው ኮንትሮባንድ ነው። ባለቤቴ በባቡር ኮንትሮባንድ የሚያመጡ ሴቶችን ነው የሚያስይዘው። ቤቱ ውስጥ ተገኘ ቢባል ያ ካድሬ ምን የሚያደርገው ይመስላችኋል? በመጀመሪያ የሚያሥረው እሱን ነው።»

«አሁን ያውቃል?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። «ጣሳውን ደብቄ ነበር። ካስቀመጥኩበት ፈልጌ አጣሁት። አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።»

ሊቀመንበሩ ያን ቀን ቀበሌ ውስጥ «የቀረው ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቅ እያወቀ ነበር ወይስ ሳያውቅ? ጣሳውን ያገኘው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እትዬ ሸዋዬ መቀስ አነሡ። የተጎዳውን ሁሉ ቆርጠው እስከ ቆዳዋ ድረስ አሳጠሩላት። ከዚያ ከተቆረጠው ላይ አንድ ዘለላ አንሥተው ውኃ ውስጥ ነከሩና ሰጡኝ። «ሳቢው» አሉኝ። ሳብኩት። እንደ ማስቲካ ተለጠጠ፤ ስለቀው አልተመለሰም፤ ትንሽ ጨመር ሳደርግ ድምፅ ሳያሰማ ተበጠሰ። ከራሳቸው ጸጉር አንድ ነቅለው ያንኑ አደረጉ። ተለጠጠ፤ ሲለቁት ተሰብስቦ ወደ ቦታው ገባ።

«ይህን ግሪኳም አላሳየችኝ» አሉ። «በሷ ጊዜ እንዲህ ያለ መድኃኒት አልነበረም።»

ጽጌን ከዚያ በኋላ አንቱ ማለት ተውኩ፤ እሷ ናት የለመነችኝ። እስከ ቀጣዩ ክረምት ድረስ እሳት አላስነካናትም። በየሳምንቱ እየመጣች በለብታ ውኃ አጥባታለሁ፤ ጥቂት ቅባት ጫፉ ላይ ብቻ አደርጋለሁ። ጸጉሩ እጅ ሲሞላ ላላ ያለ ሹሩባ እሠራላታለሁ፤ ግንባሯ ላይ እንዳይወጠር። የበቀለው ጸጉር ጥቅልልና ጠንካራ ነበር። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆማ በጣቷ እየፈተለችው «አሁን ይተኮሳል?» አለችኝ።

አንድ ዘለላ አርጥቤ ሳብኩት። ተመለሰ። «ይችላል» አልኳት።

ዘለላውን በጣቷ እንደገና ፈተለችው። «እንግዲያው ይቆይ» አለችና ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ አስተኩሳ አታውቅም። ምክንያቱን አልነገረችኝም።

እትዬ ሸዋዬ ዓይናቸው ሲደክም ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ። ከመሞታቸው በፊት ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ወስጄ አዝናንቻቸው ነበር፤ እዚያ ተቀምጠን ያን የቀበሌውን ነገር ዳግመኛ አነሣሁባቸው። አጣቢ ናት ያሉት ለምን እንደሆነ። ውኃውን እያዩ አሰቡ። «እኔም አላውቅም» አሉ። «ልጅቷን ሊወስዷት ነው ብዬ ሳስብ አፌ ቀደመኝ። ቀድሜ አስቤበት ቢሆን ምን እንደምል እንጃ።» ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ይበቃኛል።

ዛሬ ብረቱ በኮረንቲ ይሠራል። ፒያስትራ ይሉታል፤ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል። ነጭ ጨርቅ የሚጠቀም የለም። መድኃኒቱም በየሱቁ ነው፤ የሚደብቀው የለም። ቢሆንም ሁለቱን በላይ በላዩ ያደረገች ሴት ጸጉሯን በመሐረብ ጠቅልላ እስካሁን ትመጣለች። ምን እንደነካው ስጠይቃት መጀመሪያ የምትነግረኝ ሁልጊዜ እውነቱን አይደለም፤ የራሷ ምክንያት ይኖራታል።

ለዚህ ሙያ ልጆች የምለው ይህን ነው። ሳትጠይቁ አትተኩሱ። ጠይቃችሁም መልሱን ብቻ አትመኑ፤ አንድ ዘለላ አርጥባችሁ ሳቡ። ካልተመለሰ፣ ብረቱን አጥፉት።